ያላሰርኩት ሽቦ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ አዞርኩና ወፍጮ ተሰማ።

ሌላ ምንም የለም። ከአጥራችን ጀርባ ያለው የኤሌክትሪክ ወፍጮ፣ በገበያ ቀን ከንጋት ጀምሮ የማያርፈው፣ ራዲዮው ውስጥ ገብቶ እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል። ከዞን የመጡት እንግዶች ፊት ወንበር ላይ ናቸው፣ ሠልጣኞቹ ከኋላ፣ ዲናችን አቶ ፀጋው ከጎኔ። ራዲዮውን ለማሠልጠኛችን የሰጠው ሆላንዳዊ ሽማግሌ በዚያች ደቂቃ ከአገሩ ሆኖ «ደባርቅ፣ ደባርቅ» እያለ ሊጠራን ቃል ገብቶ ነበር። የሞገዱን ድግግሞሽ ወደ ላይ ወሰድኩት። ወደ ታች አመጣሁት። ወፍጮ።

ከእንግዶቹ አንዱ «ዱቄቱ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አለ። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

አቶ ፀጋው ተነሡ። «እንግዶቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉ። «መሣሪያውን የሠራችው አዲሷ መምህርታችን ናት። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ልጅ ናት። ሳታጣራ ቸኩላ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «በይ አጥፊው» አሉኝ።

አጠፋሁት።

ሐሙስ ዕለት ሠርቶ ነበር። ወፍጮው እየዞረ ሠርቶ ነበር! በማዳመጫ መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ምን ሆነ?

እሑድ፣ የካቲት 15

ቅበላ። አከራዬ እትዬ ጤናዬ ወጡን በሳህን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። «ነገ ጾም ነው፤ ብዪ እንጂ። በራዲዮ ተናዶ ቅበላን የሚጾም ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ። ሁለት ጉርሻ ጎረስኩላቸው፤ እሳቸው እንዲሄዱልኝ።

የሺዋስ አልመጣም። የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ መምህር ነው። ከመምህራኑ ሁሉ የአንቴናውን ምሰሶ ተሸክሞ ያገዘኝ እሱ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዚህ በኩል ያልፍና ሰላም ይለኛል። ሥራ ይዞት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ደብዳቤ ተሰጠኝ። የራዲዮ ክበቡን ክፍል ቁልፍ እንዳስረክብ፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስም ክፍሉ ውስጥ እንዳልገባ። ምክንያቱ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «የአንቴናውን ማዛመጃ ትራንስፎርመር በተሳሳተ መንገድ መርጠው በመሥራትዎ»።

መርጠው በመሥራትዎ! ሦስት ወር ሙሉ ምን እንደምሠራ አንድ ቀን ያልጠየቀኝ ሰው።

ደብዳቤው አንቱ ይለኛል፤ አፉ ልጅ ይለኛል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ ፀጋውን አንቱ አልለውም።

የሙከራ ጊዜዬ መጋቢት 30 ይሞላል። ያን ቀን ወይ ቋሚ መምህርት እሆናለሁ ወይ ዳባት ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ፤ «የመረጠችውን የማታውቅ» የሚል ወረቀት ፋይሌ ውስጥ ተቀምጦ። በዚያ ወረቀት ሌላ ቦታስ ማን ይቀጥረኛል?

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ሁሉንም ልጻፈው። ተሳስቼ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይታየኝ።

እኛ የምናዳምጥ ብቻ ነን፤ አናስተላልፍም። ሆላንዳዊው አምና ስሜን ተራራን በበቅሎ ዞሮ ሲመለስ ማሠልጠኛውን ጎበኘ፤ ራዲዮውን ትቶልን ሄደ። አንቴናውን እኔ ሠራሁት። ሽቦው መቶ ሃያ ሜትር ነው። ከክበቡ ክፍል ጀርባ ተነሥቶ በባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ይሄዳል። ሆላንድም በዚያው አቅጣጫ ናት።

እንዲህ ያለ ረጅም ሽቦ ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ አራት መቶ ሃምሳ ኦም አካባቢ ነው። ከምሰሶው እስከ ራዲዮው የዘረጋሁት ግን የቴሌቪዥን ገመድ ነው፤ ሰባ አምስት ኦም። ሁለቱን እንዲሁ ብታገናኚያቸው ሰፊ ቦይ ጠባብ ቦይ ላይ እንደ መድፋት ነው፤ ውኃው ተመልሶ ይረጫል። መካከላቸው የሚያዛምድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ሦስት ዓይነት ነገር በእጄ ነበር። አንዱ ከሱቅ የሚገዛው የቴሌቪዥን አንቴና ማዛመጃ ነው። ዝግጁ ነው፤ ግን ለከፍተኛ ድግግሞሽ የተሠራ ስለሆነ እኛ የምናዳምጥበት ድረስ ዝቅ ሲል ይደነቁራል። ሞክሬው ነው የማወራው። ከተበላሹ ኮምፒውተሮች የፈታኋቸው፣ ሽቦ የሚጠመጠምባቸው ቢጫ ቀለበቶችም ነበሩ። ጥቂት ዙር ስጠመጥምባቸው ዝቅተኛውን ሞገድ አያሳልፉም፤ ብዙ ስጠመጥም ከፍተኛው ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ፈጁብኝ። በመጨረሻ ሆላንዳዊው ትቶት ከሄደው ዕቃ ውስጥ ባለ ሁለት ቀዳዳ ጥቁር ፌራይት፣ ሸክላ የመሰለ የማግኔት ድንጋይ፣ አገኘሁ፤ የባቄላ ፍሬ የምታክል። በአንቴናው በኩል አምስት ዙር፣ በገመዱ በኩል ሁለት ዙር ጠመጠምኩባት። አምስትን ለሁለት አካፍለሽ ውጤቱን በራሱ ስታባዥው ስድስት ከሩብ ይመጣል። ሰባ አምስት ጊዜ ስድስት ከሩብ አራት መቶ ስልሳ ዘጠኝ። ከዚህ የበለጠ ማን ይቀርባል?

ዋናው ነገር ግን ሁለቱ ጥምጥሞች አለመነካካታቸው ነው። የአንቴናው መሬት፣ ማለትም ወደ አፈር የሚወርደው ሽቦ፣ ለብቻው ነው፤ አጥሩ ሥር በቀበርኩት ብረት በኩል። የገመዱ መሬት ለብቻው፣ ራዲዮው ዘንድ። የወፍጮው ጫጫታ በገመዱ የብረት ልባስ ላይ እየተሳበ ይመጣል። መሬቶቹ ካልተገናኙ ትራንስፎርመሯ ደጃፍ ላይ ደርሶ ይቀራል። ከተገናኙ ቀጥ ብሎ አንቴናው ውስጥ ይገባል።

ይህን ለየሺዋስ ስነግረው ሳቀብኝ። «እኛ ዘንድ መሬት ሁሉ አንድ ላይ ይታሰራል። ያልታሰረ መሬት ሰው ይገድላል» አለ። ለቤት እውነትህን ነው፣ ለማዳመጫ አንቴና ግን አይደለም አልኩት። ገባኝ አለ። ይገባዋል፤ ጎበዝ ነው።

ትራንስፎርመሯን በሳሙና መያዣ ውስጥ አድርጌ ምሰሶው ላይ አሰርኳት። ዝናብ እንዳይገባባት ክዳኑን በጧፍ ሰም ዙሪያውን አሸግኩት።

ስሕተቱ አይታየኝም። ታዲያ ወፍጮው ከየት መጣ? ምናልባት ያን ሐሙስ ወፍጮው እየዞረ መስሎኝ እንጂ ቆሞ ነበር? ጆሮዬን መጠራጠር ጀመርኩ። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ኮሪደር ላይ፦ «ወይዘሪት ወፍጮ መጣች።» ዞር ስል ሁሉም ጣሪያ ያያሉ።

መምህራን ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሎ፦

«እሷ እኮ ዩኒቨርሲቲ ነው የጨረሰች።»

«ዲግሪ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አንቴና አይሆን!»

«ኧረ ተው፣ ዛሬ ወፍጮው በስንት ሜትር ባንድ ነው?»

የሺዋስም እዚያ ነበር። ሲስቅ አልሰማሁትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ከኢንተርኔት ቤት መልስ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው ያዘ። ሆላንዳዊው ጽፎልኛል፦ ያን ቀን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጠርቶናል። ሌሎች አማተር የራዲዮ ሰዎች፣ አንዱ ኬንያ ያለ፣ በደንብ ሰምተውታል።

ስለዚህ ድምፁ ሰማዩ ላይ ነበር። እኛ ዘንድ ነው የታፈነው።

ለምን ቅዳሜ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይመጡ፣ አንዴ አልሞከርኩትም? ወንበር ደርድሪ ሲሉኝ ወንበር እየደረደርኩ ነበር። ለምን እሺ አልኩ? መሐንዲስ ነኝ እያልኩ ወንበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ጋሽ ያርጋል የማሠልጠኛው ዘበኛ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሠራዊቱ መገናኛ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ራዲዮ ላይ ተቀምጠዋል፤ እዚህ ግቢ ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅላቸው የለም። ዛሬ ከሰዓት ተረኛ ነበሩ።

«መምህርት፣ ደብዳቤሽ ክፍሉ ውስጥ አትግቢ ነው የሚለው ወይስ አጥሩ ዘንድ አትድረሺ?» አሉኝ።

«ክፍሉ ውስጥ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ምን አቆመሽ? ምሰሶ ክፍል አይደለም።»

ሄድን። መሰላል ያዙልኝ። የሳሙና መያዣውን ገና ሳልነካው አየሁት። የእኔ ሰም የጧፍ ነበር፣ ቢጫ። ይህ ነጭ ነው፤ የሱቅ ሻማ። ከፈትኩት። በአንቴናው መሬትና በገመዱ መሬት መካከል የጣት ርዝመት ያህል ሽቦ ገብቷል። ወፍራም፣ አረንጓዴና ቢጫ ልባስ ያለው። በሁለቱም ጫፍ ልባሱ ተልጦ፣ ዙሩ ተስተካክሎ፣ ብሎኑ ሥር ገብቶ ጠብቋል።

ጋሽ ያርጋል ከታች ሆነው «ምን አገኘሽ?» አሉ። እንዲያዩት ወርጄ መሰላሉን ለቀቅኩላቸው። ወጡ፣ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ያሰረ ሰው እጁ የተማረ ነው» አሉ።

«ወርክሾፑ ክፍት ነው፣ ጋሽዬ። እንዲህ ያለ ሽቦ እዚያ ሞልቷል። ማንም ሊወስደው ይችላል።»

«ማንም» አሉ። ወርደው መሰላሉን መልሰው ያዙልኝ።

ሽቦውን አልፈታሁትም። ብፈታው «ራሷ አስራ ራሷ ፈታች» ይላሉ። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

ጆሮዬ አልዋሸኝም ነበር!

ሰኞ፣ የካቲት 30

ፀጋው ቢሮ።

«አንድ ሰው ሁለቱን መሬቶች አስሯቸዋል» አልኩት። «መጥተው ይዩ።»

አልተደነቀም። ዕስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ቢታሰርስ? አንቺ አለማሰርሽን በምን ላውቅ?»

«እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ሠርቷል። መዝገቡ ላይ አለ።»

«መዝገቡን የጻፍሽው አንቺ።» ከመሳቢያው የተተየበ ወረቀት አወጣ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ቆይቶኛል። «እኔ በጥንቃቄ ጉድለት...» ብሎ ይጀምራል። ስሜ ታች፣ ለፊርማ ባዶ መስመር። «ዞኑ ማብራሪያ ጠይቆናል። ፈርሚ፤ መጋቢት 30 ቋሚ ትሆኛለሽ። በወሩ የሚያስታውሰው የለም።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ።»

«ልጅ ነሽ፤ ትረሺዋለሽ።»

ሳልፈርም ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ለምን ይዤው ወጣሁ? እዚያው ጠረጴዛው ላይ መተው ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

የሺዋስን መንገድ ላይ አገኘሁት። ወደ ሱቅ ገባ ሊል ነበር፤ ጠራሁት። ፊቱ ከስቷል። ጾሙ ይሆናል።

«ጠፋህ» አልኩት።

«ፈተና እያረምኩ ነው። ማታ ማታ መብራት ይሄዳል፤ በሻማ ዓይኔ ጠፋ።»

«ፀጋው ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ፈርሚ ይለኛል።»

«ታዲያ ፈርሚያ፣ የትናየት። ቋሚ ሁኚና ከዚያ በኋላ እንዳሻሽ ትናገሪያለሽ። ለአንድ ቁራጭ ሽቦ ኑሮሽን ታበላሻለሽ እንዴ?»

ተለያየን። ቤት ከደረስኩ ወዲህ የማስበው ስለ ሽቦው መቼ እንደ ነገርኩት ነው። ነግሬው መሆን አለበት። ወይ ጋሽ ያርጋል ነግረውት ይሆናል። እሳቸው ወሬኛ ሰው አይደሉም ግን።

ሁለተኛ ዲግሪ እንዲማር ስሙ ተልኳል አሉ። ጥሩ ነው። ይገባዋል።

እሑድ፣ መጋቢት 13

አባባ ከዳባት መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ጋር። መሪጌታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ደባርቅ ላይ እሳቸው የገቡበት ዕርቅ ሳይፈጸም ቀርቶ አያውቅም ይባላል። ፀጋው ነው ሽማግሌ የላከብኝ። በደለኛው ሽማግሌ ሲልክ ደንብ ነው፤ ይቅር በዪኝ ብሎ ቢሆን። የላከው ግን ጥፋትሽን እመኚ ብሎ ነው።

«አየሽ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ «ጾም ላይ ነን። ሕማማት ሳይገባ ሰው ከሰው ይታረቃል። አለቃሽ አባትሽ ማለት ነው። ወረቀት ቢሉሽ ወረቀት ነው፤ ምን አለበት?»

አባባ ጋቢውን እየጎተተ መሬት መሬት ያያል። «እሺ በያቸው እንጂ» አለኝ በቀስታ።

ተናድጄ ነበር። ያልኩትን ሳላስበው ነው ያልኩት፦ «አባቶቼ፣ ሳትሰሙ እንዴት ትፈርዳላችሁ?»

«እንሰማለን እንጂ፤ ተናገሪ።»

«እኔን አይደለም። ራዲዮውን ስሙት። ሽቦው እንደ ታሰረ ስሙት፣ ተፈትቶም ስሙት። ከዚያ ፈርሚ ካላችሁኝ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። እፈርማለሁ ልል ነበር? እግዜር አተረፈኝ።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አርባ ዓመት ዜማ ሳስተምር ተማሪን በጆሮዬ እንጂ በወሬ አሳልፌ አላውቅም» አሉ። «እንሰማለን።»

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ፀጋው ፈቅዷል። እንዴት አይፈቅድ? ሽማግሌውን የላከ እሱ ነው። መሪጌታን እንቢ ብሎ ደባርቅ ላይ በየትኛው መንገድ ሊሄድ ነው?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26፣ አራት ሰዓት። የገበያ ቀን ይሁን ያልኩ እኔ ነኝ፤ ወፍጮው በሙሉ ጉልበቱ ይዙር። ሆላንዳዊው በዚያ ሰዓት እንደሚጠራን ጽፎልኛል። ግን አስጠንቅቆኛል፦ ሞገዱን በሰማይ የምታሻግረው ፀሐይ ዘንድሮ ደካማ ናት፣ ሞገዱ አንዳንድ ጠዋት ጭራሽ አይደርስም።

ካልደረሰስ? ሽቦው ተፈትቶ ዝምታ ብቻ ቢሰማስ? ፀጋው «ይኸው!» ይላል። እኔም ስለ ፀሐይ ለሽማግሌ ላስረዳ?

ዓርብ፣ መጋቢት 25

ነፋስ። ሦስተኛው ምሰሶ ዘመመ። ጋሽ ያርጋል በድንጋይ ደገፉት። «የጦር ሜዳ ምሰሶ ከዚህ የባሰ ነበር» አሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

እንዳልረሳ በቅደም ተከተል።

ክበቡ ክፍል ውስጥ መሪጌታ፣ አባባ፣ ሌላ ሽማግሌ አቶ አለነ፣ ፀጋው፤ ጋሽ ያርጋል በር ላይ። የሺዋስን እኔ ነኝ ይምጣ ያልኩት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ይፍታ፣ እኔ እጄን አልነካም ብዬ።

ራዲዮውን ከፈትኩ። ወፍጮ። አቶ አለነ ጆሯቸውን ያዙ። «ኧረ ይሄስ እህል ሳይሆን ሰው የሚፈጭ ነው!»

«ፍታው» አልኩት የሺዋስን በመስኮት።

መሰላሉን ወጣ። መያዣውን ከፈተ። የትኛው ሽቦ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ውስጡ አራት ጫፍ አለ። አላመነታም። ፒንሳውን ሰዶ አንዱን ብሎን አላላ፣ ሁለተኛውን አላላ፣ ሽቦውን አወጣ።

ወፍጮው ጠፋ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ሆነ። ሹክሹክታ፣ ፉጨት፣ ባዶ ሰማይ። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። የፀጋው ወንበር ተንቋቋ። ቁልፉን በፀጉር ስፋት አንቀሳቀስኩ።

«...ባርቅ። ደባርቅ፣ ደባርቅ፣ ደባርቅ...»

የሽማግሌ ድምፅ፤ ቀጭን፣ እየራቀ እየቀረበ። አባባ ብድግ አለ። እንግዳ የገባ ይመስል ጋቢውን አስተካከለ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ዜማ የለውም» አሉ፣ «ድምፁስ ደርሷል። በል እሰረው።» የሺዋስ አሰረው። ወፍጮ። «ፍታው።» ደባርቅ። «እሰረው።» ወፍጮ። ሦስቴ አስደገሙት። «የእኛ ትምህርት እንዲህ ነው፤ ሦስቴ ያላሰማ አልተማረም» አሉ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«ማነው ያሰረው?»

ፀጋው፦ «መሪጌታ፣ የመጣነው ማን የሚለውን ለመፈለግ አይደለም...»

የሺዋስ መሰላሉ ላይ ነበር። ፒንሳውን ያያል። ብሎኑን የፈታበትን ፒንሳ እንደ አዲስ ዕቃ ያያል።

እኔም አየሁት። ልቤስ ካሁን በፊት አውቆት ነበር መሰለኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 27

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ቤት። በደስታ ነው የሄድኩት። አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ! ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

«አንቺ እውነተኛ ነሽ» አሉ መሪጌታ። «በጆሯችን ሰምተናል። የሠራሽው ደግ ነው፤ የመረጥሽው ትክክል ነው።»

እግራቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«አሁን ፈርሚ» አሉኝ።

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

ፀጋው ትናንት ማታ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ሁሉንም ተናዟል። ከእንግዶቹ መካከል የመብራት ባለሙያዎች ስለ ነበሩ «መሬቱ ሳይታሰር ካዩ ጉድ ነው» ብሎ የሺዋስን ያሳሰረው ራሱ ነው። እኔን ሁለቱም አልጠየቁኝም። ችግሩ ሲመጣ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ የእኔን ስም ጽፎ ለዞን ላከ። አሁን ሪፖርቱ ውሸት ነው ቢል ከቦታው ይነሣል። የሺዋስ ቢናገር ትምህርቱ ይቀራል።

«ሁለት ሰው ከሚወድቅ አንድ ወረቀት ይፈረም» አሉ አቶ አለነ። «አንቺም አትጎጂ፤ ቋሚ ትሆኛለሽ። ሴት ልጅ ነሽ፤ ነገ ታገቢያለሽ፣ ይረሳል።»

«አባቶቼ፣ እውነቱን ሰምታችኋል እኮ።»

«ሰምተናል» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። «እውነትሽን እግዜር አውቆልሻል። ለሰላሙ ነው የምንለምንሽ።»

አስቤ ልንገራችሁ አልኩ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። እዚያው! አባባ ፊት እንቢ ማለት አቃተኝና አስቤ አልኩ።

ሲመሽ የሺዋስ መጣ። በፊት በር አይደለም፤ በጓሮ፣ በእትዬ ጤናዬ የጎመን መደብ በኩል። አጥሩን ይዞ ቆመ።

«ይቅር በዪኝ» አለ። «እሰር አለኝ፤ ትእዛዝ ነው። በዚያ ላይ... እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። ዓርብ ማታውኑ በሻማ አሸግኩት። ቅዳሜ ወፍጮው ሲሰማ ወዲያው ገባኝ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

አርባ ሦስት ቀን።

«ነገ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ሠልጣኞቹ ፊት፣ እኔ ነኝ ትላለህ?»

«የትናየት፣ ሁኔታዬን ታውቂዋለሽ እኮ።»

«ትላለህ ወይ?»

«በልቤ ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ።»

ቆንጆ አነጋገር። እንዲህ ያሉ ቆንጆ አነጋገሮቹን እወድ ነበር። ግባ አላልኩትም።

ሰኞ፣ መጋቢት 28

አባባን ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን ጠበቅን።

«እኔ ብሆን እፈርም ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ስፈርም ነው የኖርኩት።» መስኮቱ ሥር ሲቀመጥ ደግሞ፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ፣ «ያ ሰው ከዚያ ሁሉ አገር አሻግሮ ሲጠራ፣ በአንቺ ሥራ መሆኑን ሳውቅ...» አለና አውቶቡሱ ተነሣ።

ከዚያ ማሠልጠኛ ሄድኩ። በሰልፉ ላይ የሺዋስ ከመምህራኑ መካከል ቆሞ ነበር። መዝሙሩ አለቀ። ከመስመሩ አልወጣም። ሠልጣኞቹ ወደ ክፍል ገቡ።

መሪጌታ ቤት ደረስኩና ቆሜ «እንቢ» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ከባድ ነገር መርጠሻል» አሉ። «የመረጡልኝ ይቀላል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸውና ወጣሁ።

ፀጋው ቢሮ ገብቼ ወረቀቱን ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ከጎኑ የራሴን አንድ ገጽ አኖርኩ፦ ምን እንደ መረጥኩ፣ ለምን፣ ማን እንዳሳሰረ፣ ማን እንዳሰረ፣ መጋቢት 26 እነማን በጆሯቸው እንደ ሰሙ። አንድ ቅጂ ረፋዱ ላይ በፖስታ ወደ ዞን ልኬዋለሁ።

«ከነገ ወዲያ ሙከራሽ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አንተም እወቅ።» አንተ አልኩት፤ ቢሮው ውስጥ፣ ፊት ለፊት።

ከነገ ወዲያ ሥራ አይኖረኝ ይሆናል። እትዬ ጤናዬ ከአሁኑ «ኩራት እራት አይሆንም» እያሉ ነው። ልክ ናቸው፤ አይሆንም።

ቢሆንም እዚህ ላይ ይጻፍ። ባልሠራሁት ጥፋት ሥር ከእንግዲህ ስሜን አላኖርም፣ የሚለምነኝ አባቴም ቢሆን። እውነቱን በጆሮው ሰምቶ ሲያበቃ «ለሰላም ብለሽ ተሸከሚው» የሚለኝን ዕርቅ ዕርቅ ብዬ አልቀበልም። ሰው ሁሉ እየሰማ ለተበደልኩት በደል ደግሞ በጓሮ አጥር የሚመጣ ይቅርታ አልቀበልም፤ ከማንም፣ ከሱም።